አምስት ወር የቀረው የልጄ ብድር

በዚህ ነገር አራት ሰዎች አለንበት። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የኤርኮንዲሽን ጥገናን ከመጽሐፍ ያጠናሁ፣ ምክር የማበዛ አባት። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ያን ምክር ሠላሳ ዓመት የሰማች። ሦስተኛዋ ልጃችን ናት፤ በካውንቲው የመንግሥት ክሊኒክ ነርስ ነች። አራተኛው ጓደኛዬ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፣ የሁለት ልጆቹን የኮሌጅ ብድር መሪ ጨብጦ ከፍሎ ጨርሷል።

ልጄ ለትምህርቷ ሃያ ስምንት ሺህ ዶላር ተበድራለች። በየወሩ ሁለት መቶ ስልሳ ዶላር ስትከፍል አሥር ዓመት ሊሞላት ነው፤ ወለዱ ግን ቀደማትና ዕዳው ሃያ ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ ደረሰ። የብድሩ ደብዳቤ የሚመጣው ሊልበርን ከተማ እኛ ቤት ነው። የፖስታ ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ "ይሄን ዕዳ መቼ ነው የምትጨርሺው?" አልኳት።

"አባዬ፣ ዶንት ወሪ። ቀሪው ይሰረዝልኛል።"

"ይሰረዝልኛል! አንቺ የተማርሽበትን ሌላ ሰው ይክፈል?"

"ሰው አይደለም እኮ፣ መንግሥት ነው።"

"መንግሥት ከየት አመጣው? ከእኔ ታክስ ነው! ጓደኛዬ በታክሲ ሲከፍል ማን ሰረዘለት?"

ልታስረዳኝ አፏን ከፈተች። እኔ ግን ንግግር ጀምሬ ነበር፤ የእኔ ንግግር ደግሞ መሃል ላይ ፍሬን የለውም። ሳህኗን አንስታ ወደ ጓዳ ሄደች።

ዕቁብ እንጥላለን፤ ሠላሳ ሰው፣ በወር አንድ አንድ ሺህ ዶላር። የዚያ ወር ዕጣ ለጓደኛዬ ወጣለት። እጁን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁትና ተራውን እንዲለቅልኝ ለመንኩት።

"የመኪናዬ ማርሽ እየሞተ እኮ ነው!" አለ።

"ለልጄ ብድር ነው። እሷማ ምህረት ትጠብቃለች።"

"ምህረት? እኔ በቀን አሥራ አራት ሰዓት እየነዳሁ ከፍዬ? እንካ፣ ውሰደው! ይሄን ምህረታችሁን ከማይ መኪናዋ ትቁም።"

ባለቤቴ፣ "መጀመሪያ ልጅቷን ጠይቃት" አለችኝ።

"ሰርፕራይዝ ነው" አልኳት። ከደብዳቤው ላይ የሂሳብ ቁጥሩን ገልብጬ ቼኩን ላክሁ። በተረፈኝ ሦስት መቶ ዶላር ለባለቤቴ ጫማ ገዛሁላት።

ተከፍሎ ማለቁን የሚገልጸው ወረቀት ሲመጣ፣ እሑድ ምሳ ላይ ከልጄ ሳህን አጠገብ አስቀመጥኩት። ስታነብ እኔ ለመታቀፍ ተዘጋጅቻለሁ።

"አባዬ፣ ምን አድርገህ ነው?"

"ከዕዳ አወጣሁሽ!"

"አምስት ወር ነበር የቀረኝ! አምስት!"

እስከ መጨረሻው የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አሥር ዓመት እየሠራ ለከፈለ ሰው ቀሪው ይሰረዝለታል፤ ሕግ ነው። ለዚህ ብላ ብሩክሄቨን ያለ የግል ክሊኒክ የተሻለ ደመወዝ ሲሰጣት እምቢ ብላለች። አበዳሪው ጋ ደወልን፤ የተከፈለ አይመለስም አሉን።

ቃልሽን አክብሪ እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እሷ አሥር ዓመት ሙሉ ቃሏን ጠበቀች፤ መንግሥት በተራው ቃሉን ሊጠብቅ አምስት ወር ሲቀረው ውሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ምህረት ያልኩት ነገር የድካሟ ዋጋ ነበር። ጓደኛዬ ግን አሁንም ይናደዳል፤ ለእሱ አንድ ዶላር የሰረዘለት የለም፣ ቅሬታውም እውነት ነው። ይሁንና ለእሱ አለመሰረዙ የእሷን ውል ስህተት አያደርገውም። ይህን ለመማር ብዙ ከፈልኩ።

ልጄ በየወሩ መጀመሪያ ሁለት መቶ ስልሳ ዶላር ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጥ ጀመር። አልቀበልም አልኩ።

"ውል ነው" አለች።

አምስተኛውን ስታስቀምጥ፣ "እንግዲህ አባዬ፣ ቀሪውን ማረኝ" አለችኝ።

ባለቤቴ በአዲሱ ጫማዋ ከጓዳ ብቅ አለች። "ጮክ ብለህ በል፣ እኔም ልስማው።"

"ምሬሻለሁ" አልኩ።

ልጄ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ከፈለች። እኔና ባለቤቴ፣ ዕቁቡን ገና እየጣልን፣ ሃያ ስምንት ሺህ አራት መቶ። የጓደኛዬ መኪና ተራውን በለቀቀልኝ በሁለተኛው ሳምንት ቆመች፤ ለኪራይ መኪና አንድ ሺህ ሁለት መቶ አወጣ፣ ልተካልህ ብለው ሰደበኝ። የእኔ ትምህርት በጠቅላላው ሠላሳ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዶላር ፈጀ።