የኢኖኬ ዓሣ ሁሉ ዶሮ ዶሮ ይላል

ኢኖኬ የባሕር ልጅ ነው። አባቱ ዓሣ አጥማጅ፣ አያቱ ዓሣ አጥማጅ፤ ቅድመ አያቱማ ለአለቃው ኤሊ ሲያሳድድ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ታዲያ ይህ የባሕር ልጅ ዓሣ ከቀመሰ ከንፈሩ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ገላውን ያሳክከዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን የሚያውቁት እሱና እናቱ ብቻ ነበሩ፤ እናቱም ምስጢሩን ይዛ ሞታለች።

እንዲህ ያለ ሰው ደሴት ላይ እንዴት ኖሮ ሸበተ? በባህል ነዋ! በእኛ በፊጂ የባሕር ሰው በተራራ ሰው ፊት ዓሣ አይበላም፤ የተራራ ሰውም በባሕር ሰው ፊት አሳማ አይቀምስም። ኢኖኬ ይህን ሕግ ጋሻ አደረገው። ድግስ በተጠራ ቁጥር አንድ የተራራ ሰው ፈልጎ አጠገቡ ዘጭ ይላል። ዓሣው ሲመጣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ኧረ ነውር ነው! በክቡራን ፊት?» ይላል። ሽማግሌዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻም ሜሬሴኒ የምትባል የተራራ ልጅ አገባና በገዛ ቤቱም ዓሣ ብላ የሚለው ጠፋ። ባህል አክባሪ ተባለ፣ ስሙ ገነነ።

ሥራም ያስገኘለት ይኸው ስሙ ነው። ከዋና ከተማችን ከሱቫ ወጣ ብሎ፣ ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያሳየው ትልቁ አኳሪየም ተከፈተ። ባሕሩን በግንብ ጋርደው፣ ከግንቡ ወዲህ ባሕር ለማሳየት ቲኬት ይቆርጣሉ፤ ወይ ዘንድሮ! ሥራ አስኪያጁ «እውነተኛ የባሕር ልጅ አምጡልኝ» አለ። ኢኖኬን አመጡለት፤ አበባ ያለበት ሸሚዝ አልብሶ፣ ሽርጥ አስታጥቆ አስጎብኚ አደረገው። ቱሪስቱ ስለ ሻርኩ ጥርስ ይጠይቃል። የአገሬው ሰው ግን አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ «ጣዕሙስ?» ኢኖኬም ቅንጣት ሳያፍር «እንደ ዶሮ ነው» ይላል። ሌላ ምን ያውቃል?

ሁሉም ሰምሮለት ነበር፤ የሚስቱ ወንድም ፔኒያሲ አውቶቡስ ሙሉ የተራራ ሰው ይዞ ሊጎበኝ እስኪመጣ ድረስ። በባሕርና በተራራ ሰው መካከል መሰዳደብ መብት ነው፤ ፔኒያሲ ደግሞ መብቱን አያሳድርም። የሰው ጉድ አንዴ እጁ ከገባ ለልጅ ልጆቹ ነው የሚያወርሰው። ምስጢሩን እሱ ካወቀ የኢኖኬ ስምም ሥራም አበቃ።

«አማቼ!» አለ ፔኒያሲ ገና ከበሩ። «የአባትህን ዓሣ ሁሉ እዚህ አሰርከው? ምን አጥፍቶ ነው?»

«አንተን ላለማየት ተደብቆ ነው። መስታወቱን ደግሞ እንዳትነካ፤ የካሳቫ ማሳ ጭቃህ ገና አልለቀቀህም።»

እየተሳሳቁ ትልቁ ገንዳ ጋ ደረሱ። ጎተራ የሚያክል ዓሣ አፉን ከፍቶ ሰዉን ይታዘባል።

«የኔ ልጅ፣ የዚህስ ጣዕሙ?» አሉ አንዲት አሮጊት።

«እንደ ዶሮ ነው፣ እማማ።»

«ሻርኩስ?» አለ ፔኒያሲ።

«እሱም ዶሮ ዶሮ ይላል።»

«ኦክቶፐሱስ?»

«ጠንከር ያለ ዶሮ።»

ፔኒያሲ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ስማ እንጂ፣ ይሄ ባሕር ነው ወይስ የዶሮ እርባታ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ኢኖኬም አብሮ ሳቀ፤ ግን አማቹ ከሳቁ በኋላ አተኩሮ አየው።

ምሳ ሰዓት ሆነ፤ ሜሬሴኒም ከዘመዶቿ ጋር ልትበላ መጣች። ምግብ ቤቱ ከትልቁ ገንዳ ፊት ለፊት ነው፤ ዓሣው ዘመዱ ሲበላ ቁጭ ብሎ እንዲያይ ያሰበለት ማን እንደሆነ እንጃ። በኮኮናት ወተት የተሠራ የትልቅ ዓሣ ጭንቅላት ቀረበ፤ የክብር ድርሻ ነው። ፔኒያሲ ብድግ አለና እንደ ወጉ መዳፉን ደጋግሞ አጨበጨበ።

«አባቶች! ይህ አማቻችን ለእኛ ክብር ሲል ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲያልፈው ኖሯል። ዛሬ ክልከላውን አንስተንለታል። ብላ አማቼ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

«ኧረ አይሆንም፣ በክቡራን ፊት…» አለ ኢኖኬ።

«ክቡራኑ እኛው አይደለን? ፈቀድን እኮ!» አለ ፔኒያሲ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ።

እንቢ ቢል ሽማግሌዎቹን መናቅ ነው። ቢበላ እዚያው ከንፈሩ ያጋልጠዋል። ፈራ፣ በጣም ፈራ፤ ግን ሽማግሌ ከመናቅ ማሳከኩ ይሻላል ብሎ እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ።

«እጅህን ሰብስብ!»

ሜሬሴኒ ናት። ወገቧን ይዛ ቆማለች። «እኔስ? የተራራ ልጅ አይደለሁም? ማን ጠይቆኝ ነው ክልከላው የተነሳው?»

«እህቴ፣ አሁን ምን አስቆጣሽ?»

«ከተራራ ሰው አንዱ እንኳ እንቢ ካለ፣ አልተፈቀደም። አይደለም፣ አባቶች?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ግን አላወቅንም ማለት ደግሞ ለሽማግሌ ይከብዳል። «ነው፣ ነው» አሉ በአንድ ድምፅ።

ሜሬሴኒ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ከጉንጩ ጀመረች፣ ዓይኑንም አልማረችውም፣ ጣቷን ላሰች። ፔኒያሲ አፉን ሊከፍት ሲል፣ «አንተ ዝም በል! ደግሞ ባሌ ፊት አሳማ ብትቀምስ ጉድህ ነው» አለችው። ሰዉ በእሱ ሳቀ።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ባልና ሚስት ከግንቡ ጀርባ ባሕሩ ዳር ተቀመጡ።

«እንዲህ ባህል አጥባቂ መሆንሽን አላውቅም ነበር» አለ ኢኖኬ።

«የምን ባህል! በተጋባን ሰሞን ዓሣ የሠራሁበት ድስት ውስጥ ካሳቫ ቀቅዬ አበላሁህ። ስታክክ አነጋህ። ከዚያ ጀምሮ አውቃለሁ።»

ኢኖኬ አፈረም፣ ደስም አለው። «ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ያልሽው… ለክብሬ ነው?»

«ለጭንቅላቱ ነው እንጂ! ተራራ ላይ የዓሣ ሽታ እንኳ ነበር የምንናፍቀው። የዓሣ ጭንቅላት የማይሻማ የባሕር ሰው አግብቼ፣ ለሰው ላሳጣው? ሞኝ መሰልኩህ?»

ሁለቱም ሳቁ። ኢኖኬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ጣዕሙ እንዴት ነው?» አላት።

ሜሬሴኒ የሸበተውን የባሕር ልጅ ቀና ብላ አየችው። አሳዘናት።

«እንደ ዶሮ ነው» አለችው።