የልጅ ልጅ ሲደመር

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሳሙኔ ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የምትሰማው አለቃው ጠዋት ጠዋት ሲቆጣጠር ብቻ ነበር፤ እሱም ቸኩሎ ግማሹን ይውጠዋል። ከእጇ አረፋ አይጠፋም። ጣቶቿ ውሃ ጠግበው ጠግበው ነጣ ብለዋል፣ ጫፋቸውም ተሸብሽቧል።

ከየክፍሉ የሚወርደውን አንሶላ ሁሉ ታጥባለች፤ የማዋለጃ ክፍሉን ግን ለሌላ ሰው አታስነካም። ጓደኞቿ ያ ሁሉ ደም ምኑ ይጥምሻል እያሉ ይስቁባታል። እሷ ጨርቁን ውሃ ውስጥ ስትነክረው ወንድ ይሆን ሴት፣ እናቲቱስ በሰላም ተገላገለች ይሆን እያለች ታስባለች። እሷ አልወለደችም። ባሏ ጥቂት ዓመት ታገሠ፤ ከዚያ ሌላ ቦታ ወለደ፣ ወልዶም እዚያው ቀረ። ሳሙኔ ስለዚህ ነገር ለማንም አላወራችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

አንድ ቀን ሆስፒታሉ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከሠራተኞች መካከል የአሥረኛ ክፍል ትምህርት ያጠናቀቀ በአዋላጅ ረዳትነት ይሠለጥናል ይላል። ሳሙኔ በማታ ትምህርት ሁሉንም አልፋ ሒሳብ ብቻ ነበር የጣላት፤ ለመሠልጠን ይህን ፈተና ደግማ መውሰድ አለባት። ዕድሜዋ ደግሞ የሚፈቅድላት በዚያ ዓመት ብቻ ነው፤ ያ ካለፈ አለፈ። ማስታወቂያውን ደጋግማ አነበበችው። አንሶላውን ከማጠብ ወጥታ ልጁን በእጇ ልትቀበል ነው።

እህቷ ስትሰማ፣ «ፀጉርሽ ሸብቶ አልጀብራ? ላም አለኝ በሰማይ!» ብላ ሳቀችባት። ሳሙኔም አብራት ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ከግድግዳዋ ወዲያ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። የሰፈሩ ሰው ጋሽ ኤክስ ይላቸዋል። ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው፣ ጋሽ ኤክስ፣ ኤክስ ተገኘ ወይ ይሏቸዋል። እሳቸውም ከእናንተ ቤት አልጋ ሥር ተደብቋል፣ ሂዱና ፈልጉ ይላሉ። ሳሙኔ አፍራ አፍራ አንድ ቀን በራቸውን አንኳኳች። ለምን እንደመጣች ተናግራ ሳትጨርስ ጠመኔ ፍለጋ ተነሡ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ትማራለች። ሰሌዳው ከአሮጌ ቁም ሣጥን የወለቀ መዝጊያ ነው፤ ጥቁር ቀለም ቀብተውታል። ሳሙኔን ያስቸገራት ርቢ ነበር፤ ያ ከቁጥሩ ትከሻ ላይ የሚቀመጠው ትንሽ ቁጥር። መቼ እንደሚደመር፣ መቼ እንደሚባዛ ይምታታባታል። ጋሽ ኤክስ ሁሉንም በቤተ ዘመድ አስረዷት። ኤክስ ከኤክስ ጋር ሲባዛ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ርቢያቸው ይደመራል። ርቢ በርቢ ላይ ከወጣ ግን የልጅ ልጅ መጣ ማለት ነው። ሦስት የወለደች ሴት፣ እያንዳንዱ ልጇ ሁለት ሁለት ቢወልድላት፣ የልጅ ልጆቿ ስድስት ናቸው። ስለዚህ ይባዛል። ሳሙኔ ጨርቅ ስታሽ ይህን ለራሷ እያንሾካሾከች ትደግመው ነበር።

ርቢው ዜሮ የሆነ ቁጥር ላይ የደረሱ ቀን ግን አልግባባ አሉ። ስንት ይሆናል ብለው ጠየቋት።

«ዜሮ ነዋ፣ ጋሼ።»

«አይደለም።»

«ነው እንጂ። ርቢ የሌለው ዜሮ መሆኑን እኔን ይጠይቁኝ።»

ጠመኔውን አስቀመጡ። ከውስጥ ባለቤታቸው የሚያጥቡት ሳህን ድምፅ ተቋረጠ። ጋሽ ኤክስ እንደገና ተነሥተው ኤክስን ለራሱ አካፈሉት። ከላይ ያለው ርቢ ከታች ባለው ተቀነሰና ዜሮ ሆነ። ማንኛውም ነገር ለራሱ ሲካፈል ደግሞ አንድ ነው። ኤክስን ሁልጊዜ «እሱ» ነበር የሚሉት፤ ያን ቀን ግን ወደ እሷ ሳይዞሩ፣ «ርቢው ነው እንጂ የሌለው፣ እሷማ አለች። አንድ ናት። ሙሉ አንድ» አሉ። ሳሙኔ ፊቷን ልትታጠብ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸው ያሉት ሁሉ ለእሷ ከመጽሐፍ በላይ ሆነ።

ፈተናው እየቀረበ ሲመጣ ጋሽ ኤክስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽሬን ያያችሁ ማለት አበዙ። የሽምግልና ነው ተባለ። ቀጥሎ ከዳቦ ቤት የሚመለሱበት መንገድ ጠፋባቸው። ቅዳሜ ጠመኔ ሲጨብጡ ግን ጀርባቸው ይቀናል፣ ድምፃቸውም የድሮው ይሆናል። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ርቢ በርቢ ላይ ጽፈው ሲያበቁ፣ «ደምሪው» አሏት።

ሳሙኔ ይባዛል ብለውኝ አልነበር ብላ አሰበች። ሳትናገር ግን እሳቸው ቀደሟት።

«የልጅ ልጅም ልጅ ነው። ከልጅ በምን ያንሳል? ደምሪ።»

ነገሩ ልብ ይነካ ነበር። ቀድሞ ለጀማሪ የሚሆነውን ነግረውኝ ነው፣ ጥልቁን ደግሞ አሁን አመጡት አለች በሆዷ። አስተማሪን ተሳስተዋል ማለት ከየት ይመጣል? ይሉኝታ ያዛት። ደመረች። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ደመረች፤ በሚቀጥለውም።

በፈተናው ላይ ርቢ በርቢ በየገጹ ነበር። ሳሙኔ ደስ ብሏት፣ ያለ ምንም መጠራጠር ደመረች።

በጥቂት ነጥብ ወደቀች። ውጤቱን የነገራት የማታ ትምህርት ቤቱ ወጣት መምህር ስላዘነላት ወረቀቷን አውጥቶ አሳያት። ሌላው ደህና ነው፣ የጣለሽ ይህ አንዱ ነው አላት። የሚባዛውን በሙሉ ደምራዋለች።

«እንዲህ ብሎ ያስተማረሽ ማነው?»

«ማንም። ለብቻዬ ነው ያጠናሁት» አለች።

በማግስቱ የማዋለጃ ክፍሉ አንሶላ እንደወትሮው ወረደ። እንደወትሮውም ነከረችው።

ወሬው በግድግዳ አልፎ ነው መሰል፣ የጋሽ ኤክስ ባለቤት ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ መጡ። መቀመጥ እምቢ አሉ። ባላቸው ሲሳሳቱ ከመስኮቱ ሆነው ይሰሙ እንደነበር፣ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሒሳብ መምህር ጋር የኖሩ ሴት በመሆናቸው ስሕተቱ እንደገባቸው ተናገሩ።

«ልነግርሽ ተነሥቼ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ሳምንቱን ሙሉ ማን እንደሆንኩ ይጠይቀኛል፤ ቅዳሜ ካንቺ ጋር ብቻ ነበር ባሌ የሚሆነው። ይቺን ቅዳሜ ላለማጣት ብዬ አንቺን በላሁሽ፣ ልጄ።»

ሳሙኔ መቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ግን አልሆነላትም። «እኔም ሰምቼ ነው ዝም ያልኩት፣ እትዬ» አለች። ሁለቱም በር ላይ ቆመው አለቀሱ።

ቅዳሜ ልሂድ አልሂድ ስትል ዋለች። ከሰዓት በኋላ እግሯ ራሱ ወሰዳት። ጋሽ ኤክስ መዝጊያውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው፣ ኮታቸውን ለብሰው ይጠብቋት ነበር። ፊታቸው እንደ ልጅ ፈካ።

«ፈተናሽ መቼ ነው ያልሽኝ?»

ባለቤታቸው በሩ ሥር ቆመው ወደ ጓሮ ዞሩ።

«ገና ነው፣ ጋሼ» አለች ሳሙኔ።

«ጎሽ። እንግዲያው ጊዜ አለን» አሉና ጠመኔውን አነሡ። እሷም ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።