ጉንዳን ያልሰፈረበት መሬት

ደባርቅ ዳር፣ ወደ ዳባት በሚያወጣው መንገድ አጠገብ ቁራሽ ቦታ ስናገኝ ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ነበር። ቦታው ተዳፋት ነው። ላይኛው ጫፍ ጠጠራማ ሆኖ ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ያገኘዋል፤ ጉንዳን አፈር እየከመረ ኩይሳ በኩይሳ አድርጎታል። ታችኛው ለጥ ያለ ጥቁር አፈር ነው፤ አንድም ኩይሳ የለበትም።

«እዚህ ታች እንሥራ» አልኩት ባለቤቴን። «ላይ ከሠራን ሕፃኑን ጉንዳን ይጨርስብናል።»

መሠረት ስናስቆፍር አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት መጡ። በዘንጋቸው ወደ ላይ አመለከቱኝ።

«ልጄ፣ ጉንዳን ዝም ብሎ አይሰፍርም። ፀሐይ የሚያሞቀውን፣ ውሃ የማያቁረውን መርጦ ነው። እዚህ ለምን እንደሌለ አልጠየቅሽም?»

«ግድ የለም አባቴ፣ ቦይ እናወጣለን» አልኳቸው።

ቤቱ አልቆ ገባንበት፤ ሐምሌን እንደምንም አለፍን። ነሐሴ ላይ፣ ገና አራስ ሳለሁ፣ ውሃው በበር ሳይሆን ከወለሉ ውስጥ መነጨ። ባለቤቴ በባልዲ እየቀዳ ይደፋል፤ የደፋውን ያህል ተመልሶ ይሞላል። ቦዩም ሞልቶ ወደ እኛው ፈሰሰ። ሦስት ቀን እንዲህ ዋልን። የግድግዳው ጭቃ ከሥር እየሟሸሸ ጭድና እንጨቱ ብቻ ቀረ። ሕፃኗ ማሳል ጀመረች፤ ቀጥሎ ጡት እምቢ አለች። ስትተነፍስ ጎኗ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

ጭቃው ባጃጅ አያስገባም። ታቅፌያት በእግሬ ሆስፒታል ደረስኩ።

«የሳንባ ምች ነው» አለች ነርሷ። «ቤታችሁ እርጥበት አለው?»

በጭቃ የተለወሰውን የቀሚሴን ጫፍ አሳየኋት።

ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ አድርገውላት፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ቤቱን ውሰደው፣ እሷን ተውልኝ» እያልኩ ፈጣሪን ለመንኩ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ።

«ወደቀ» አለኝ።

«የቱ ግድግዳ?»

«ሁሉም።»

በዘጠነኛው ቀን ጡት ያዘች። ጨርሳ ሳትጠነክር አልጋዋ ለሌላ ሕፃን ተፈለገና ተሰናበትን። ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ ዝናብ እያካፋ ነበር። ባለቤቴ ትልቁን ልጃችንን በእጁ ይዞ ቆሞ፣ ፊቴን ሳያይ፣

«ወዴት እንሂድ?» አለ።

ዳባት ያለችው እህቴ ጓዳዋን ለቀቀችልን። አራታችንም እስከ ዛሬ እዚያው ነን።