የአስካለ ወንድም ጫማ

በ1971 ዓ.ም. የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበርኩ። የምኖረው ሮም ነበር፤ ዛሬም እዚሁ ነኝ። አሁን የምጽፈውን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን ተናግሬያለሁ። መጠጤን ተናግሬያለሁ። ሰው መስደቤን ተናግሬያለሁ። ይህን ግን በየዓመቱ እየዘለልኩ እዚህ ደረስኩ። አንተ የምታነበው ሰው ቄስ አይደለህም። ቢሆንም ስማኝ። ጽሕፈቴ ጥሩ አይደለም፣ ፊደል የያዝኩት ከሠላሳ አምስት ዓመቴ በኋላ ነው። ለምን እንደያዝኩም እነግርሃለሁ።

ነገሩ የጫማ ነገር ነው። ስለ አንድ ጥንድ ጫማ ዋሸሁ። ትስቅ ይሆናል። እስክጨርስ ቆየኝ።

ወደዚህ አገር ያመጣኝ አዲስ አበባ ዘበኛው የነበርኩ ጣሊያን ነው። ደርግ ቤቱን ሲወርስበት ጓዙን ጠቅልሎ ተመለሰ፣ እኔንም አስከተለኝ። ሮም ሲደርስ ግን ግቢ የለውም፣ የሚጠበቅ ነገርም የለውም። ለወዳጁ ለሲኞር ካርሎ ሰጠኝ። ሲኞር ካርሎ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የስፖርት ዕቃ ይሸጥ ነበር። እኔ ታች ማጋዚኖ በሚሉት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው። ካርቶን አወጣለሁ፣ ካርቶን አወርዳለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር።

ሲኞር ካርሎ ከጣሊያኑም ከጀርመኑም ጫማ የጃፓኑን ይወድ ነበር። ምሳ ስንበላ ስለሱ ሳያወራ አይውልም። ፋብሪካውን ያቆመው ጫማ ሠሪ፣ ጃፓን በጦርነት ተሸንፋ አገሩ አመድ በሆነበት ጊዜ፣ ልጆች መንገድ ላይ ሲባዝኑ አይቶ፣ ስፖርት ቢይዙ ይሻላል ብሎ ጀመረ ይለኛል። አንድ ቀን ማዕድ ላይ ፖልፖ የሚሉት ባለ ብዙ እግር የባሕር አውሬ ቀረበለት። የእግሩን መጣበቂያ አየና የጫማውን ሶል እንደዚያ ጎድጎድ አድርጎ ሠራው፣ መሬት እንዲይዝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሯጭ እግር በሙቀት ውሃ እንዳይቋጥር አየር የሚያስገባ ጫማ ሠራ። የኛ ሰው እዚሁ ሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ በኋላ ጃፓን ሲሄድ፣ ይኸው ጫማ ሠሪ ያረፈበት ሆቴል ድረስ ሄዶ ጫማዬን አድርግልኝ ብሎ ለመነው፣ እሱም አደረገለት አለኝ። እኔ ግማሹን አላመንኩም። ሌላው ግን በደንብ ገብቶኛል፦ ያ ፋብሪካ ቅርብ ጊዜ ከሁለት ሌሎች ጋር ተደባልቆ ስሙን ቀይሯል። ጫማው ያው ነው፣ ሠሪው ያው ነው፣ ጎኑ ላይ ያሉት የተጠላለፉ መስመሮችም እነዚያው ናቸው። ማጋዚኖው ውስጥ የድሮ ስም ያለው ካርቶንና አዲስ ስም ያለው ካርቶን ጎን ለጎን ተደርድረው ነበር። ሲኞር ካርሎ ሁለቱን ከፍቶ አሳየኝ። «አሎራ፣ እንግዲህ ሰው ከጠየቀህ አንድ ነው በል» አለኝ። ማንበብ ባልችልም በጣቴ ለይቼ አውቀው ነበር። ይህን ልብ በልልኝ። አውቅ ነበር።

በዚያ ጊዜ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ነው። የኛ ሴቶች ከየጌቶቻቸው ቤት ወጥተው ተርሚኒ ይሰበሰባሉ። እዚያ ደብዳቤ ይነበባል፣ መንገደኛ ይገኛል፣ ዕቃ ይላካል። ያልተማርነውን ደብዳቤ የምታነብልን አስካለ ነበረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ አፏ ስለታም ነው፣ ሳቂታ ናት። እኔ ሰዎቹን ሁሉ የሱቁ ሻጭ ነኝ ብያቸው ነበር። ከረባት የማስር ሻጭ። እውነቱን የምታውቅ አገር ቤት ያለች እህቴ ብቻ ነበረች። አንድ ሐሙስ የእህቴ ደብዳቤ መጣ። አስካለ ጮክ ብላ ስታነብ እዚያ ላይ ደረሰች፦ «ወንድም ዓለም፣ ካርቶን መሸከሙ ወገብህን እንዳይጎዳው አደራ።» ቆም አለችና አየችኝ። ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። ሁሉም ፈነዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሲኞር ካርቶን ሆነ። «ሲኞር ካርቶን መጡ፣ ወንበር ልቀቁላቸው!»

እኔ ግትር ሰው ነኝ። ሌላ ሰው ስቆ ይረሳዋል። እኔ ቤቴ ወስጄ አሳደርኩት።

አስካለ አንድ ወንድም ነበራት፣ ስንታየሁ። አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ይሮጣል። አንድ የፋብሪካ ክለብ ሯጮችን በውድድር ሊመርጥ ነው። ከተመረጠ ሥራ ይሰጠዋል፣ ሥራ ካለው ቀበሌው ለዘመቻ አይመዘግበውም። ካልተመረጠ ቀጣዩ እሱ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሄደው አልቀዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ደብዳቤውን እኛው መሀል ነው ያነበበችው። ከደብዳቤው ጋር እግሩን ወረቀት ላይ ረግጦ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሮ ልኮላት ነበር። የጫማውንም ስም ጽፎላታል። የድሮውን ስም።

እሷ የምትሠራባት ሲኞራ ለልደት በዓል ልትገዛላት ያሰበችውን ቀሚስ አልፈልግም ብላ ያንን ጫማ አስገዛቻት። እማማ ብርቅነሽ የሚባሉ አሮጊት ዓርብ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሊበሩ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሻንጣቸውን ከፍተው የሰው ዕቃ እየተቀበሉ ሳለ አስካለ ካርቶኑን ይዛ መጣች። ለእሳቸው ሳትሰጥ ቀጥ ብላ ወደ እኔ ነው የመጣችው።

«ጋሽ ደምሴ፣ አንተ የጫማ ሰው ነህ፣ እስቲ እየው። ስንታየሁ የጻፈልኝ ስም ሌላ፣ እዚህ ያለው ስም ሌላ። አንድ ናቸው ወይስ ተሸወድኩ?»

የጫማ ሰው ነህ አለችኝ። ሲኞር ካርቶን አላለችኝም። ይቅርታ መጠየቋ ነበር መሰለኝ። ያን ጊዜ እንዲህ አላሰብኩም። ያን ጊዜ ያሰብኩት ሁሉም እኔን እየጠበቁ መሆናቸውን ነው።

ጫማውን አወጣሁ። ገለበጥኩት። ሶሉን ዳሰስኩ። መስመሩን አየሁ። እውነተኛ ነው። ከእውነተኛም እውነተኛ።

«የውሸት ነው» አልኩ።

«ምን?»

«የውሸት ነው። እንዲህ ያለው ሩጫ መሀል ሶሉ ይገነጠላል።»

«ከትልቅ ሱቅ ነው እኮ! ሲኞራ ራሷ ናት የገዛችው!»

«ታዲያ ሲኞራሽ ምን ቸገራት? ለገረድ ወንድም ነው የገዛችው።»

ይህን አልኩ። በዚያ ሁሉ ገረድ መሀል። አንዲትም አልሳቀችም። እማማ ብርቅነሽ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲህ ልጄ፣ የሚገነጠል ነገር ተሸክሜ ምን ልሁን፣ በቦታው የሰው መድኃኒት ልያዝበት» ብለው ሻንጣቸውን ዘጉ። አስካለ ካርቶኑን እግሬ ሥር አስቀመጠች። «ይዤው ብመለስ ሲኞራ ትጠይቀኛለች፣ ምን እላታለሁ? ውሰደው፣ ጣለው» አለችኝ። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። እኔስ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ያለ እኔ ቃል አንድ ጫማ ከሮም መውጣት አልቻለም ብዬ ደስ አለኝ።

ስንታየሁ በአሮጌ ሸራ ጫማ ሮጠ። ይህም ከአራት ወር በኋላ በመጣው ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። እስከ መሀል ከፊተኞቹ ጋር ነበር። ከዚያ እግሩ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ ቆመ። ይህን አስካለ እኔ ፊት አነበበችው። እግሩ ውሃ ቋጠረ። ሲኞር ካርሎ ምሳ ላይ ያወራልኝ ያ ነገር። ቀበሌው በወሩ መዘገበው። ወደ ሰሜን ሄደ። አልተመለሰም።

መርዶውን ካረዷት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። እሑድ ማለዳ ነበር። ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሜ ነበር፣ ምክንያቱም እንደ ወንድም ነው የምታየኝ ተባለ። አንገቴ ላይ ተንጠለጠለች። «ጋሽ ደምሴ፣ ስንታየሁዬን!» አለችኝ። እኔም አለቀስኩ። ሰው ሁሉ አንጀቱ ሩኅሩኅ ነው አለኝ። ያን ጊዜ ልናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። 

ደርግ ነው የገደለው ልበል? ደርግ ብዙ ሰው ገድሏል፣ እኔ አንድ ጫማ ነው ያስቀረሁት ልበል? ብዬ አውቃለሁ። ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። አይሠራም። ጫማውን አድርጎም ይሸነፍ ነበር ይሆናል። አላውቅም። አስካለም አታውቅም። እንዳናውቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤዬን እንድታነብልኝ አጠገቧ መቀመጥ አቃተኝ። ድምፅዋ ያንን ደብዳቤ ያስታውሰኛል። ፊደል የያዝኩት ለዚህ ነው። ሰው ጎበዝ አለኝ። ምን ጎበዝ! ሽሽት ነው።

ዓመታት ሲያልፉ ያ አዲስ ስም በየሱቁ መስኮት ተለጠፈ። ዓለም ሁሉ ያደርገው ጀመር። አንድ ቀን ከአስካለ ጋር ኤስኲሊኖ ገበያ ስንሄድ አንድ መስኮት ፊት ቆመች። ጫማውን አየች። «ይሄ መስመር...» አለችና ዝም አለች። እኔ ደግሞ «ነይ፣ ትራም ያመልጠናል» አልኳት። ገብቷት ይሆን? ገብቷት ነው ዝም ያለችኝ? እስከ ዛሬ ለበዓል ዳቦ ትልክልኛለች። ተቀብዬ እበላለሁ።

አንተ ካነበብከው በኋላ ይህን ወረቀት ለሷ እሰጣለሁ። ጮክ ብላ አታንብበው። ለራሷ ታንብበው። ማሪኝ ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም። ቀሚስ ትታ ያስገዛችውን ጫማ ያስቀረሁባት እኔ፣ ይቅርታንም ጨምሪልኝ ልላት አልችልም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እሱን ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር። ሐሙስ የዋሸሁትን ዓርብ ማቃናት እችል ነበር። የማግስቱ ጠዋት ነበረኝ።

ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ጫማውን አልጣልኩትም፣ ቤቴ ነበር። የአየር ማረፊያው አውቶቡስ ከተርሚኒ ጎን ነው የሚነሳው፣ እማማ ብርቅነሽም ከዚያ ነው የሚሄዱት። ሮጬ ልሰጣቸው አሰብኩ፣ እውነቴን ነው፣ አስቤ ነበር። ካርቶኑን ስከፍት ያ ስንታየሁ እግሩን ያሰመረበት ወረቀት ውስጡ አለ። ወረቀቱን መሬት ላይ ዘረጋሁና እግሬን አስቀመጥኩበት። ለምን እንዳስቀመጥኩ አላውቅም። ልክ የኔን እግር ያህላል። ጫማውን አጠለቅሁት። አሰርኩት። ወጣሁ።

ዝናብ ጥሎ ነበር፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ጣቢያው ጎን ስደርስ እማማ ብርቅነሽ አውቶቡሱ በር ላይ ቆመው ሻንጣቸውን በገመድ እያሰሩ ነበር። ከጋዜጣ መሸጫው ኋላ ቆምኩ። ሃያ እርምጃ አይሆንም። ማውለቅና መስጠት ብቻ ነው። ማውለቅና «ዋሽቻለሁ» ማለት። ጫማውን አየሁት፣ ጭቃ ነክቶታል። የተረገጠ ጫማ ለሰው አይላክም አልኩ። ይህን ለራሴ አልኩና እፎይ አልኩ። አውቶቡሱ በሩን ዘጋ። ሄደ።

ከዚያ ሥራ ገባሁ። ሲኞር ካርሎ እግሬን አየና «ብራቮ፣ አዲስ ጫማ! ማን ሰጠህ?» አለኝ።

«ገዛሁት» አልኩት።

ወደ ማጋዚኖ ወረድኩ። ያን ቀን ሙሉ ካርቶን ሳወጣና ሳወርድ ዋልኩ። ጫማው አንድም ቦታ አላቆሰለኝም።