ሳልተረጉመው የቀረሁት ቲማቲም

ኧርቪንግ በምትባል ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ኪችን ለሳንድዊች ቲማቲም እቆርጣለሁ። ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ቲማቲም ብቻ። ውሃው ጓንቴ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዘኝ አስራ አንድ ዓመቴ ላይ የሆነው ትዝ ይለኛል።

ያኔ የምንኖረው ጎረቤት ከተማ፣ ግራንድ ፕሬሪ ነበር። ትምህርት ቤት ቲማቲም ለልብ፣ ለዓይን፣ ለቆዳ ጥሩ ነው ብለው አስተማሩን፤ እኔም ሥዕሉን ሠርቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። አባዬ ኤርፖርት ውስጥ መንገደኞችን በዊልቸር ይገፋ ነበር። ከሥራ ገብቶ ሥዕሉን ሲያይ፣ «በቃ፣ ዶክተር አለችን!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርሱ የቲማቲም ሰላጣ ሆነ። ሽንኩርቱና ቃሪያው በሎሚ ታሽቶ ኮሪደሩ ድረስ ይሸት ነበር። ዶክተር መባሉን ደግሞ ወድጄው ነበር።

እዚህ አገር ቀድሞ እንግሊዝኛ የለመደ ልጅ የቤቱ አስተርጓሚ ነው። የአባዬ ኩላሊት መድከም ሲጀምር ክሊኒክ አብሬው የገባሁት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ብዙ አወራች። ጨው ይቀንስ፤ ቲማቲም ይተው፤ ቲማቲም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የደከመ ኩላሊት አያስወጣውም፣ ተጠራቅሞ ልብ ይጎዳል። ሁሉም ገብቶኛል። ግን የጓደኛዬ ልደት ነበር፣ ውሃ ዋና ያለበት፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ደግሞ ያንን ሥዕል ማን ከፍሪጁ ያነሳዋል?

«ምን አለች?» አለ አባዬ።

«ጨው ቀንስ አለች።»

«ይህን ሁሉ አውርታ?»

«ጨው ነው አልኩህ አባዬ፣ እንሂድ በቃ!»

ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራ ላይ ወደቀ። ሆስፒታሉ በስልክ አስተርጓሚ አገናኘው። «ቲማቲም እንዳይበሉ አልተነገረዎትም?» አለች አስተርጓሚዋ በስፒከር። አባዬ አየኝ። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞሮ፣ «ተነግሮኝ ነበር፤ ረስቼው ነው» አለ።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ዲያሊሲስ እወስደዋለሁ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አውርተን አናውቅም። አላለቀስኩም፤ ምን እንደሚሰማኝም አላውቅም። የያኔው ሽታ እንኳ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ቲማቲም ስነካ ውዬ እጄ የሚሸተው ጓንት ነው። ሰዎች ቲማቲም ለልብ ጥሩ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ልክ ናቸው፤ ለእነሱ።

እሁድ ሰላጣውን እኔ እሠራለሁ፤ ሽንኩርት፣ ኪያር፣ ቃሪያ፣ ሎሚ። አባዬ በሹካው ገለጥ ገለጥ ያደርግና፣

«ዶክተር፣ ቲማቲሙስ?» ይላል።

«ረስቼው ነው» እላለሁ።

ኪያሩን በሹካው ይወጋና ይበላል።