ሁለተኛ ዐይን የተጨመረላቸው ቀማኞች

ዛሬ ጧት ከከተማችን ፌስቲቫል ሜዳ ስደርስ፣ ክረምቱን ሙሉ በሣልሁባት አሮጌ ቮልስ ማኪና ግራ በር ላይ፣ ትናንት አንድ አንድ ዐይን ብቻ ሥዬላቸው የተለየኋቸው ሦስት ቀማኞች ሁለት ሁለት ዐይን አውጥተው ጠበቁኝ።

የጥንቱ የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይኑ ይሥላል፤ ግፈኛውን ግን በጎን ይሥለዋልና አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል።

እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሌላ ሥራ እንደማልጨርስ ዐውቄ፣ ይህን የአሣሣል ሥርዐት ለከተማዬ ወጣቶች ላስረክብ ብዬ፣ በማኪናዋ ቀኝ በር ድኻውን ገበሬ፣ በግራው በሬውን የሚነዱበትን ቀማኞች ሣልሁ።

በሥዕል ያጌጡት ማኪኖች ሰልፍ አስተባባሪ፣ ባጁን በአንገቱ ያንጠለጠለ ጎልማሳ፣ ብሩሹን እንደያዘ በደስታ ተቀበለኝ።

«አያ፣ ሳያልቅ የቀረብዎትን ጨረስሁልዎት! እንግዶቹ ግማሽ ሥራ አቀረቡ እንዳይሉን ብዬ ነው።»

«ምነው ልጄ፣ ሳትጠይቀኝ? እነዚህ እኮ ቀማኞች ናቸው!»

«ታዲያ ምን ችግር አለው አያ? አሁን ሁሉም ሸጋ ሆነዋል!»

(የአንደኛው አዲስ ዐይን ከጆሮው ሥር መብቀሉን እንዳልነግረው ጨዋነቴ ከለከለኝ።)

ሰልፉ ተጀመረ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ፎቶ የሚነሣውም ሁሉ ድኻውን ትቶ ከቀማኞቹ ጎን ቆመ።

ከዚያ ሁሉ ተመልካች «ቀማኛ እንዴት በሁለት ዐይን ይሣላል?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ መጥፋቱ ከብሩሹ ይልቅ አቆሰለኝ፤ ላስረክበው የመጣሁት ሥርዐት ተረካቢ እንደሌለው የገባኝ ያን ጊዜ ነውና።

እናንተስ ወዳጆቼ፣ የደከማችሁበትን ሥራ ሳይጠይቅ ያቃናላችሁ ደግ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ብቻዬን አለመሆኔን እንዳውቅ ጻፉልኝ።