ለኳስ የተላክሁ ሽማግሌ

ሽማግሌ የሚላከው ሚስት ለመጠየቅ ነው። እኔን ግን ልጄ ለኳስ ላከኝ።

ልጄ ዳዊት እዚህ ሲያትል አንድ ኮሌጅ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ረዳት አሰልጣኝ ነው። ሥራው ጎበዝ ተጫዋች ፈልጎ፣ ቤተሰቡን አሳምኖ ማምጣት ነው። ዘንድሮ ኦበርን ከተማ የሚኖር አንድ የአበሻ ልጅ ካላመጣ ከሥራው ሊያሰናብቱት ነው። የልጁ እናት ደግሞ እምቢ ብላ ስልክም አታነሳለትም።

ስለ ኳስ አላውቅም። ሽምግልና ግን አውቃለሁ፤ ጋቢዬን ደርቤ አብሬው ወደ ሴትየዋ ቤት ሄድኩ።

"ይቀመጡ አባባ" አለችኝ እናትየዋ።

"ልጅሽን ለኳስ ስጪን ብዬ ነው የመጣሁት። እሺ ሳትዪኝ አልቀመጥም።"

ሶፋውን በእጇ አሳየችኝ። እኔ ግን እንደቆምኩ ነኝ። ዳዊት አንገቱን ደፍቷል። ረጅሙ ልጇ ወንበር አምጥቶ ከኋላዬ አስጠጋልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

"ኦኬ፣ ይሁን" አለች በመጨረሻ። "ዋሱ ግን እርስዎ ነዎት። ወስደው ሳያጫውቱ ዳር ቢያስቀምጡብኝ እርስዎን ነው የምጠይቀው።"

የመጀመሪያው ግጥሚያ ሊያልቅ ሲል ልጁ አሁንም ዳር ተቀምጧል። እናቱ አጠገቤ ናት።

"ሶ፣ አባባ? ዋሴ አይደሉም?" አለችኝ።

ተነስቼ ቆምኩ። ከኋላዬ ያሉት በእንግሊዝኛ ጮኹብኝ፤ ተቀመጥ ማለታቸው ይሆናል። ዳዊት ዞር ብሎ ሲያየኝ ነገሩ ገባው። ዋናውን አሰልጣኝ በጆሮው አንድ ነገር አለው። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ፤ ጋቢዬንም አየ። ከዚያ ልጁን ጠራና ወደ ሜዳ ላከው።

ያኔ ተቀመጥኩ።